የበስራው ሊቅና የመስታወቱ ቅርጽ

የረመዷን ወር ሲቃረብ ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ምዕራብ ሰማይ እንልካለን። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እናት ከደጅ ወጥታ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጠያየቀ ሂላልን ይፈልጋል። በዚህ መሀል ከልጆች አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ጨረቃ የምታበራው ከራሷ ነው ወይስ ከፀሐይ ተበድራ? አብዛኞቻችን የፀሐይን ብርሃን እንደ መስታወት ትመልሳለች ብለን እንገላገላለን።

ከ1000 ዓመት በፊት ካይሮ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አንድ ሊቅ ግን በዚህ መልስ አልረኩም። ጨረቃ የተወለወለ መስታወት ብትሆን ኖሮ ከምድር ሆነን የምናየው አንዲት ትንሽ የፀሐይ ነጸብራቅ ብቻ ነበር፤ የቀረው ገጿ ጨለማ ሆኖ ይቀር ነበር ብለው ጻፉ። እኛ የምናየው ግን ፀሐይ የደረሰችበት ገጿ በሙሉ ሲያበራ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚወጣው ከእያንዳንዱ የጨረቃ ገጽ ነጥብ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው። ዛሬ በቀላል ቋንቋ ብንናገረው፣ ጨረቃ እንደ መስታወት ሳይሆን ፀሐይ እንዳረፈበት ነጭ ግድግዳ ናት።

እኚህ ሰው አቡ ዓሊ አል ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም ናቸው። አውሮፓውያን አልሐዘን ይሏቸዋል። ስለ ጨረቃ፣ ስለ ግርዶሽ፣ የቂብላን አቅጣጫ በስሌት ስለማግኘት፣ ስለ ቀስተ ደመናና ስለ ብዙ ሌላ ነገር ጽፈዋል። እኛ ዛሬ የምናተኩረው ግን ስለ መስታወት በደከሙበት ሥራቸው ላይ ነው። ምክንያቱም በአሁኑ ሰዓት ወደ ጠፈር የሚላኩት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ልባቸው መስታወት ነው፤ መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የሚነሳቸውም እኚህ ሊቅ የጻፉበት ጉዳይ ነው፤ የመስታወቱ ቅርጽ።

ኢብኑል ሀይሰም የተወለዱት በ965 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሒጅራ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በሒጅራ 354 መሆኑ ነው፣ ኢራቅ ውስጥ በበስራ ከተማ ነበር። በስራ የወንዝ አገር ናት። ጤግሮስና ኤፍራጥስ ተገናኝተው ወደ ባሕር የሚወርዱት በእሷ በኩል ነው፤ ቦይ መቅደድና ጎርፍ መገደብ እዚያ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነበር። ስለ ወጣትነታቸው የተጻፈው ጥቂት ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ኢብኑል ቂፍጢና ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ የኖሩት እሳቸው ካለፉ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የምንተርከውን ሁሉ ይህንን እያሰብን ብናነበው ጥሩ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ተመድበው እንደነበርና ልባቸው ግን ወደ ዕውቀት ያደላ እንደነበር ይተረካል።

ሕይወታቸውን የለወጠው አንድ ንግግር ነው። ገና ኢራቅ ሳሉ ስለ ግብጹ ናይል ሰሙ። ወንዙ በክረምት ሞልቶ እርሻና መንደር ያጥለቀልቃል፤ በሌላው ወቅት ደግሞ ይጎድልና ገበሬው ይጠማል። ኢብኑል ሀይሰም ግብጽ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ወንዝ ሲሞላም ሲጎድልም እንዲጠቅም አድርገው እንደሚያበጁት ተናገሩ። ንግግሩ ካይሮ ደረሰ። ካይሮ ላይ ደግሞ የፋጢሚዮች ኸሊፋ አል ሐኪም ነበሩ።

አል ሐኪም በ11 ዓመታቸው ሥልጣን የያዙ፣ ዕውቀትን የሚወዱ፣ ግን ጠባያቸው የማይጨበጥ ገዢ ነበሩ። በ1005 ካይሮ ላይ ታላቅ የዕውቀት ቤት ከፍተው መጻሕፍት አከማችተዋል። እኚሁ ሰው ግብጻውያን የሚወዱትን ሙሉኺያ የተባለ የቅጠል ወጥ እንዳይበላ በአዋጅ ከልክለዋል። ዛሬ የሸለሙትን ነገ ሊያስገድሉ ይችሉ ነበር። ስለ በስራው ሊቅ ሲሰሙ ገንዘብ ልከው አስመጧቸው፤ ከካይሮ ደጅ ድረስ ወጥተውም ተቀበሏቸው ይባላል። ትልቅ ክብር ነው። ትልቅ ዕዳም ነው።

ኢብኑል ሀይሰም ብዙ ግንበኞችና ሠራተኞች ይዘው ወንዙን ተከትለው ወደ ደቡብ ተጓዙ። መንገዱ ረጅም ነው። በሄዱበት ሁሉ የጥንት ግብጻውያን ያቆሟቸውን ሕንፃዎች አዩ፤ ልካቸው የተጠበቀ፣ ሥራቸው የጠነቀቀ፣ ዘመናት ያልጣሏቸው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ልባቸው ገባ። ይህን ያህል የተራቀቁ ሰዎች፣ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ወንዙን ሳይገድቡ ይቀሩ ነበር? ከአስዋን በላይ ጀናዲል ወደሚባለው፣ ውሃው በድንጋይ መሀል ወደሚወርድበት ስፍራ ደረሱ። ወንዙን መረመሩ፤ የሁለቱን ዳር ሁኔታ አዩ። በነበራቸው መሣሪያ የማይሆን መሆኑን ተረዱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል ከእኛም ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ። ያ አስዋን ላይ ያስደነገጣቸው የክረምት ሙላት በአብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር የሚጥለው ዝናብ ነው። ዓባይና ተከዜ ይዘውት የሚወርዱት ውሃ ነው። በስራ ቁጭ ብሎ በወሬ የሚታወቅ አልነበረም። አስዋን አካባቢ የመጀመሪያው ዘመናዊ ግድብ የቆመው በ1902 ነው፤ ከእሳቸው 900 ዓመት ገደማ በኋላ። ሐሳቡ ሐሰት አልነበረም፤ ጊዜው ነበር ያልደረሰው። ስህተታቸው ወንዙን ሳያዩና ሳይለኩ መናገራቸው ነበር።

ከዚያ የከበደው ደግሞ መመለሱ ነበር። ተመልሰው ካይሮ ገቡ፤ ኸሊፋው ፊት ቀርበውም እንደማይቻል ተናገሩ። አፍረው፣ አንገታቸውን ደፍተው እንደነበር ይተረካል። አል ሐኪም ይቅርታውን የተቀበሉ መሰሉ፤ የመንግሥት ሥራም ሰጧቸው። ኢብኑል ሀይሰም ሥራውን የተቀበሉት ወደው ሳይሆን ፈርተው ነው። ይህ ሰው ቁጣው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በመጨረሻ ያገኙት መውጫ ያልተለመደ ነበር፤ አእምሯቸው እንደተነካ ሰው ሆኑ። እብድ በሸሪዓ አይጠየቅም። ንብረታቸው ተይዞ ጠባቂ ተሾመባቸው፤ እሳቸውም ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረገ። በ1021 አል ሐኪም በሌሊት ወደ ሙቀጠም ኮረብታ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። ኢብኑል ሀይሰም በማግስቱ ዳኑ ባንልም፣ የኸሊፋው መሞት ከተረጋገጠ በኋላ ጤነኛ መሆናቸውን ገልጠው ከቤታቸው ወጡ።

ታሪኩ እንደተባለው ከሆነ ያ የእስር ጊዜ ብዙ ዓመት ነው። ብዙዎች ኪታቡል መናዚር የተባለው ባለ ሰባት ክፍል መጽሐፋቸው የተዘጋጀው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው ይላሉ። መጽሐፉ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት ነው። አንድ ሰው ቤት ተዘግቶበት፣ በመስኮቱ ቀዳዳ የሚገባውን ጨረር ግድግዳው ላይ ሲመለከት በዓይነ ሕሊናችን መሳል ቀላል ነው፤ ግን ይህ የእኛ ምናብ እንጂ የጻፉት ነገር አይደለም።

ከእሳቸው በፊት ስለ ማየት ትልቅ ክርክር ነበር። ከግሪክ ሊቃውንት ዩክሊድና በጥሊሞስ ዓይን ጨረር እየላከ ዕቃውን እንደሚዳስስ ያምኑ ነበር። ኢብኑል ሀይሰም ተቃወሙ። ፀሐይን ስናይ ዓይናችንን ያመናል፤ ከዓይን የሚወጣ ነገር ቢሆን ዓይንን ለምን ይጎዳል? ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ይመጣል እንጂ ከዓይን አይወጣም። ይህንንም በክርክር ብቻ አልተዉትም። ከጨለማ ክፍል ቀዳዳ ፊት ለፊት ብዙ ኩራዞች በተለያየ ቦታ አስቀመጡ። ለእያንዳንዱ ኩራዝ ግድግዳው ላይ አንድ የብርሃን ነጥብ ታየ። አንዱን ኩራዝ ሲከልሉት የእሱ ነጥብ ብቻ ጠፋ፤ ሲገልጡት ተመለሰ። ብርሃኖቹ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ አልተደባለቁም፤ እያንዳንዱ በቀጥታ መስመሩ ሄዷል። ይህን ሙከራ ዛሬ ማታ መብራት ቢጠፋ ከልጆቻችሁ ጋር በሦስት ሻማና በተበሳ ካርቶን ማድረግ ትችላላችሁ።

ከዚያ ወደ መስታወት ተሻገሩ። ሰባት ዓይነት መስታወት ለይተው ፈተሹ፤ ጠፍጣፋውን፣ እንደ ኳስ ወደ ውስጥ የጎደጎደውንና ወደ ውጭ ያበጠውን፣ እንደ ቱቦ የዞረውን በሁለቱም በኩል፣ እንደ ሾጣጣ ቆብ ያለውንም እንዲሁ በሁለቱም በኩል። በክብ መስታወት ላይ፣ ከመብራቱ የተነሳ ጨረር ዓይናችን እንዲደርስ የትኛው ነጥብ ላይ መንጠር አለበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መፍትሔው ግን እጅግ ከባድ ስለነበር እስከ ዛሬ በስማቸው የአልሐዘን ጥያቄ ይባላል፤ ከ600 ዓመት በኋላ እንኳ እንደ ሆላንዳዊው ሁይገንስ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ሲታገሉበት ኖረዋል።

የዛሬውን ጽሑፋችንን ልብ የያዘው ግን ከዚህ ትልቅ መጽሐፍ ውጪ ያሉ ሁለት አነስተኛ ድርሰቶቻቸው ናቸው፤ ሁለቱም ስለሚያቃጥል መስታወት ናቸው። የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ እሳት የሚያስነሳ ጎድጓዳ መስታወት ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በእሳቸው ወጣትነት ጊዜም ኢብን ሰህል የተባሉ ሊቅ ስለዚሁ ጽፈው ነበር። ኢብኑል ሀይሰም በመጀመሪያው ድርሰት እንደ ኳስ የጎደጎደውን መስታወት ወሰዱ። መሀሉ አካባቢ የሚያርፈው ጨረር ተንጥሮ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ወደ ዳር ያረፈው ደግሞ ሌላ ቦታ ይገናኛል። እያንዳንዱ ክብ የራሱ መገናኛ ነጥብ አለው። ስለዚህ የኳስ ቅርጽ የያዘ መስታወት ምንም ያህል ቢወለወል ብርሃኑን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ አይችልም። ጥፋቱ የእጅ ሥራ አይደለም፤ የቅርጹ ነው።

በሁለተኛው ድርሰት ፓራቦላ የሚባለውን ቅርጽ አቀረቡ። ይህ ቅርጽ እንደ ኳስ ነው የሚመስለው፤ ግን ወደ ዳር ሲሄድ ከኳሱ ይልቅ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ፓራቦላ ከሩቅ የመጣውን ጨረር፣ መሀሉ ላይም ይረፍ ዳሩ ላይ፣ ሁሉንም ወደ አንዲት ነጥብ ይልካል። ይህን በሒሳብ አረጋገጡ። ማረጋገጫው ላይም አልቆሙም፤ ባለሙያ እንዴት ከብረት ሊሠራው እንደሚችል፣ በቅርጽ መለኪያ እየተፈተሸ እንዴት እንደሚሞረድ ዘርዝረዋል። የቶርኖ ቤት ሰው ቢያነበው የሚገባው ዓይነት ነገር ነው።

ፓራቦላ የት አለ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ መልሱ ጣሪያ ላይ ነው። የቴሌቪዥን ዲሻችን ከዚህ ቅርጽ የተቆረጠ ነው። ከሳተላይት የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ሰብስቦ ፊቱ ወደ ተሰቀለችው ትንሽ ዕቃ ይልካል። ልጆች ኳስ መትተው ዲሹን ሲያጎብጡት ጣቢያው የሚጠፋው ሞገዱ መገናኛውን ስለሚስት ነው።

አንድ ነገር ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። አንዳንድ ጽሑፎች ኢብኑል ሀይሰም ቴሌስኮፕ ሠርተዋል ይላሉ። አልሠሩም። ያልሠሩትን በመጨመር ክብራቸው አይጨምርም። መጽሐፋቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት ተነበበ፤ በ1572 ባዝል ከተማ ላይ ታተመ። ጋሊሊዮ በ1609 ወደ ሰማይ ያነጣጠረው ቴሌስኮፕ በሌንስ የሚሠራ ነበር። ኒውተን በ1668 በመስታወት የሚሠራ ሲያበጅ፣ መስታወቱ ስፋቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ቅርጹም የኳስ ነበር። የፓራቦላን ጥቅም ያውቁ ነበር፤ መሥራቱን ግን አልቻሉበትም። እንግሊዛዊው ሀድሊ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለ ፓራቦላ መስታወት አሠርቶ ያሳየው በ1721 ነው። በበስራው ሊቅ ወረቀትና በዚህ መስታወት መካከል 700 ዓመት ገደማ አለ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ መጠን ሆነ። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ በጣም ሩቅና ደብዛዛ የሆነውን ኮከብ ያሳያል። በሰፋ ቁጥር ግን ቅርጹን መጠበቅ ይከብዳል። ጠላቱ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ቆርቆሮ ጣሪያችን ቋ ቋ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ቆርቆሮው ሲሞቅ እየተለጠጠ ነው። የፈላ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ የሚሰነጠቀውም ውስጡ ቀድሞ ተለጥጦ ውጪው ስለሚዘገይ ነው። የቴሌስኮፕ መስታወት አይሰነጠቅ ይሆናል፤ ግን ቅርጹ ለዓይን በማይታይ መጠን ቢጣመም እንኳ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። በ1934 ለአሜሪካው የፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ 5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ከብርጭቆ ሲፈስ፣ ውስጡና ውጪው እኩል እንዲበርድ ብለው 10 ወር ያህል ቀስ በቀስ አቀዘቀዙት።

ቅርጽ ምን ያህል እንደሚጨክን ዓለም ሁሉ ያየው በ1990 ነው። ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ይዞ ወጣ። ቅርጹ ለፓራቦላ እጅግ የቀረበ ነው፤ አወላወሉም በጊዜው ወደር አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሲደርሱ ግን ከዋክብቱ እንደ ጉም የደበዘዘ ቀለበት ነበራቸው። ተመረመረ። የመስታወቱ ዳር ከሚገባው በላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ልዩነቱ 2.2 ማይክሮ ሜትር፣ የፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ገደማ ነው። ከዳር የመጣው ብርሃን አንድ ቦታ፣ ከመሀል የመጣው ሌላ ቦታ ይገናኝ ነበር። ኢብኑል ሀይሰም በኳስ ቅርጽ መስታወት ላይ ያሳዩት ያው ጉድለት ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ መነሻው ነው። መስታወቱ ሲወለወል ቅርጹን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ተገጥሞ ነበር። ባለሙያዎቹ በተሳሳተ መለኪያ እየተመሩ መስታወቱን እጅግ በጥንቃቄ ስህተት አደረጉት። ሌሎች ሁለት መለኪያዎች ችግር እንዳለ አሳይተው ነበር። ዋናው መሣሪያ ይበልጥ የታመነ ስለነበር ግን የሁለቱ ምስክርነት ወደ ጎን ተባለ። በ1993 መጨረሻ ጠፈርተኞች ወደ ላይ ወጥተው ጉድለቱን የሚያርም መነጽር መሰል ዕቃ ገጠሙለት፤ ሐብልም የተመኙትን ያህል አየ።

ይህን ሲያነቡ የኢብኑል ሀይሰም ሌላ መጽሐፍ ትዝ ይላል፤ በበጥሊሞስ ላይ ያሏቸውን ጥርጣሬዎች የጻፉበት። እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን መጻሕፍት ስለከበሩ ብቻ እንዳያምን፣ የሚያነበውን ሁሉ ከየአቅጣጫው እንዲፈትን፣ ሲፈትንም የራሱን ሐሳብ ጭምር እንዲጠረጥር ይመክራሉ። ጀናዲል ላይ ቆመው የራሳቸውን ቃል ሐሰት ሆኖ ያገኙ ሰው ይህን ሲጽፉ ከልባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐብል መሬትን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞራል፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ። ቅርጹ እንዳይለወጥ መስታወቱ ምድር ላይ በተወለወለበት ሙቀት፣ 21 ዲግሪ አካባቢ፣ በማሞቂያ ይጠበቃል። በ2021 መጨረሻ የወጣው ዌብ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ይህ ቴሌስኮፕ የሚያየው የሙቀት ጨረርን ስለሆነ ራሱ መሞቅ የለበትም። የሚሠራው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በትልቅ ጥላ ተከልሎ፣ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ነው። 6.5 ሜትር የሚሰፋው መስታወቱ በአንድ ሮኬት ውስጥ አይገባምና ከ18 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ተሠርቶ ታጥፎ ሄደ። ቁራጮቹ ቤሪሊየም ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ላያቸው በስሱ ወርቅ ተቀብቷል። የሁሉም ወርቅ ቢሰበሰብ 48 ግራም ያህል ነው፤ ከአንዳንድ ሙሽራ ጌጥ ያነሰ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው አሠራራቸው ነው። ቤሪሊየም እዚህ ቀጥ ያለ ቅርጽ ቢኖረው እዚያ ብርድ ውስጥ ይጣመማል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁራጭ በትልቅ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አስገብተው ሲበርድ እንዴት እንደሚጣመም ለኩ። ከዚያ አውጥተው፣ ያንን መጣመም አስልተው፣ ሆን ብለው በተቃራኒው አሳስተው ወለወሉት። ምድር ላይ ስህተት የሆነው ቅርጽ ብርዱ ውስጥ ሲገባ ትክክል ሆነ። እዚያ ከደረሱ በኋላም ከጀርባቸው ያሉ ትንንሽ ሞተሮች 18ቱን እንደ አንድ መስታወት እስኪሆኑ አስተካከሏቸው።

አሁን ደግሞ ከዚህም የከበደ ነገር እየታሰበ ነው። ናሳ በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ለማምጠቅ የሚያዘጋጀው ቴሌስኮፕ 6 ሜትር ገደማ የሚሰፋ መስታወት ይኖረዋል፤ ዓላማው በሌሎች ፀሐዮች ዙሪያ ምድርን የመሰለ፣ ሕይወት ሊኖርበት የሚችል ዓለም መፈለግ ነው። እንዲህ ያለች ምድር ከእናት ፀሐይዋ በብርሃን 10 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ታንሳለች። የኮከቡን ብርሃን ከልሎ አጠገቧ ያለችውን ብልጭታ ለማየት መስታወቱ ለሰዓታት ጸጥ ማለት አለበት። የሚፈቀድለት እንቅስቃሴ የሚለካው በፒኮ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትርን በ1 ቢሊዮን ብትከፍሉት አንዱ ቁራጭ ፒኮ ሜትር ነው። ከአንዲት አቶም ስፋት አንድ አስረኛ ገደማ ቢነቃነቅ ፈላጊዎቹ የሚሹት ነገር ይጠፋቸዋል።

ለዚህ ሲባል ሲሞቅ የማይለጠጥ ብርጭቆ እየተፈተሸ ነው። አንዳንዱ ሲሊካ ላይ ጥቂት ቲታኒየም የተጨመረበት ነው። ሌላው ውስጡ ደቃቅ ክሪስታል ያለበት ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ክሪስታሉ ይኮማተራል፣ በዙሪያው ያለው ብርጭቆ ይለጠጣል፣ ሁለቱ እየተጣጣሙ አጠቃላዩ ባለበት ይቆያል። የመስታወቱን ሙቀት በዲግሪ አንድ ሺኛ ያህል የሚቆጣጠሩ ማሞቂያዎች፣ የቁራጮቹን ክፍተት ሳያቋርጡ በሌዘር የሚለኩ መሣሪያዎችም እየተሞከሩ ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ግን ቅርጹን ለመጠበቅ ነው፤ ከመሀልም ከዳርም የመጣው ብርሃን አንድ ቦታ እንዲገናኝ።

ወደ ካይሮ እንመለስ። ኢብኑል ሀይሰም ከቤታቸው ከወጡ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሱም። በአል አዝሐር መስጊድ በር አጠገብ ባለች ጉልላት ቤት ውስጥ ኑሯቸውን አደረጉ። እንጀራቸው መጽሐፍ መገልበጥ ነበር። በየዓመቱ የዩክሊድን መጽሐፍ፣ የበጥሊሞስን አልመጀስጢ፣ በእነሱ መካከል የሚነበቡትንም የሒሳብ መጻሕፍት በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ዋጋው 150 የግብጽ ዲናር፣ ድርድር የሌለበት። ዓመቱን በዚያ ይኖራሉ። በቀረው ጊዜ የራሳቸውን ይጽፋሉ፣ ያስተምራሉ።

ከእጅ ጽሑፎቻቸው አንዱ እስከ ዛሬ አለ። በሒጅራ 415 የገለበጡት የግሪካዊው አፖሎኒየስ መጽሐፍ ኢስታንቡል ውስጥ ተቀምጧል። መጽሐፉ ስለ ሾጣጣ ቅርጽ መቆረጥ ነው፤ ሾጣጣ በአንድ ማዘንበል ሲቆረጥ ደግሞ የሚገኘው ፓራቦላ ነው። ያኔ ዕድሜያቸው ወደ 60 ተጠግቷል። ያረፉት በ1040 ገደማ፣ በሒጅራ 430 አካባቢ፣ እዚያው ካይሮ ነው።

ከጊዜ በኋላ የሰማይ ተመራማሪዎች በጨረቃ ላይ ላለ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ አልሐዘን የሚል ስም ሰጥተዋል። ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚገኘው ሂላሉ መጀመሪያ ብርሃን በሚይዝበት ጠርዝ በኩል፣ ክብ ሆኖ ከሚታይ አንድ ጥቁር ሜዳ አጠገብ ነው። ረመዷን በገባ በሦስተኛው ምሽት ገደማ፣ ከኢፍጣር በኋላ ጨረቃዋ ገና ሳትጠልቅ ወደ ውጭ ብትወጡ፣ ያ ስፍራ በበራው ክፍል ውስጥ ነው። በባዶ ዓይን አይለይም። ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ግን፣ ፀሐይ ወደ ጠለቀችበት በኩል ያለውን ጠርዝ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።